ለባሻ ያልተነሣሁ ዕለት

ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ከባድ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው ብድግ ማለት ያቃተው ብቻ ነው። እናንተማ ምን አለባችሁ! ሽማግሌ ብቅ ሲል «ኖር!» ብላችሁ ትነሣላችሁ፣ ሽማግሌውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጣችኋል፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ከወንበሩ ስንዝር ያህል ከፍ ማለታችሁን እንኳ ልብ አትሉትም። እኔ ያቺን ስንዝር አንድ ቀን ጠዋት ባለመነሣቴ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

በመጀመሪያ ስለ በሽታዬ። ቁርጥማት ነው። ይኸው! «ቁርጥማት» ስላችሁ ፊታችሁ ቅር አለው፤ ትልቅ በሽታ ጠብቃችሁ ነበር። የሰፈሬ የልደታ ሰውም እንዲሁ ነበር። «አይ ቁርጥማት! እኔንም እኮ ክረምት ሲገባ ጉልበቴን ያዝ ያደርገኛል» ይለኝና ፌጦ በነጭ ሽንኩርት አዝዞልኝ ይሄዳል። ሐኪሙማ ረዥም የፈረንጅ ስም ነግሮኝ ነበር፤ ስሙን በቃሌ ሳልይዘው እሱ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደና የበሽታዬን ስም ይዞብኝ ቀረ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ ማታ ሰው ሆኜ እተኛለሁ፣ ጠዋት ቁም ሳጥን ሆኜ እነቃለሁ። ጣቶቼ አይታጠፉም፤ ጉልበቶቼ ደግሞ አንዴ ከታጠፉ አይዘረጉም። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ቀስ በቀስ ይፈታታኛል። ከሰዓት በኋላ ላገኘኝ ሰው፣ ጠዋት ሸሚዜን በጥርሴ እየታገዝኩ እንደቆለፍኩ ብነግረው አያምነኝም። አልፈርድበትም፤ ከሰዓት በኋላ እኔም ራሴን አላምነውም ነበር።

ክኒኑ ደግሞ የባሰ ጉድ አመጣብኝ። ትንሽ ነጭ ክኒን ናት፤ ሕመሙን ታስታግሳለች፣ ፊት ግን ታሳብጣለች። ጉንጮቼ ተነፉ። አገር ምድሩ ለዳቦና ለስኳር በሚሰለፍበት፣ የሰው ሁሉ አንገት በቀጠነበት በደርግ ዘመን ጉንጭ ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ነበር። «ተመችቶሃል!» ይሉኛል ጎረቤቶቼ፤ አባባላቸው ምርቃትም አለበት፣ ክስም አለበት። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ «ለጉብኝት» መጣና አልጋዬ ሥር ጎንበስ ሲል አንድ ከረጢት አገኘ። ዓይኑ በራ።

«ይኼ ምንድን ነው ጓድ?»

«ጨው ነው ጓድ ሊቀ መንበር። በሙቅ ውሃ በጥብጬ እጄን እዘፈዝፍበታለሁ።»

«እጁን ይዘፈዝፋል!» አለና ወደ ጥበቃዎቹ ዞሮ ሳቀ። ከዚያም የደበቅኩት ስኳር መሆኑን ሊያረጋግጥ ዘገን አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን እንደጠመደኝ ይገባችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ለልማት ወጥተን ቦይ ስንቆፍር፣ እኔ አካፋዬን ተደግፌ ቆሜ ካየኝ፣ «ጓድ፣ አካፋውን አንተ ነህ የያዝከው ወይስ እሱ ነው አንተን የያዘህ?» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የያዘኝ እሱ ነበር። በስብሰባ ላይም ስሜ «ሥራ ጠል» እና «አድሃሪ» ከሚሉት ቃላት ጋር አብሮ መጠራት ጀመረ።

በሽታዬን ያመነችልኝ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ሰናይት። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ የክፍላችን ታይፒስት። ነግሬያት አይደለም። የቢሮአችን በር እጀታ ክብ ነው፤ ክብ እጀታ ደግሞ ለጠዋት ጣቶቼ የማይሞከር ነገር ነው። በክርኔ፣ በሁለት መዳፌ፣ አንዳንዴም በአገጬ ስታገለው አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። በማግስቱ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ ትገባና በሩን ለእኔ ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ «ብርድ ገባ፣ ዝጉት» የሚል ሲመጣ «ቤቱ ይታፈናል» እያለች ትከራከራለች። ሰው በዚህ ይወደዳል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይወደዳል። እኔ ሰናይትን የወደድኳት በበር ነው።

ለመጋባት ስንነጋገር የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ለአባባ ቁርጡን እንንገረው» አለችኝ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ጣት የሚያጣምም በሽታ አለበት ብትያቸው ምን የሚሉ ይመስልሻል? ሥጋ ደዌ ነው የሚሉት። እስከ ሰባት ቤት ዘሬ ይቆፈራል።»

«ታዲያ እስከ መቼ ልትደብቀው ነው?»

«እስክንጋባ። ከዚያ በኋላ በሽታው የጋራ ሀብታችን ይሆናል። በዚህ ዘመን ያልተወረሰ ምን አለ?»

ሳቀች። ስትስቅ ግን ጣቴን ይዛ ነበርና፣ እንዳያመኝ ተጠንቅቃ እንደያዘችኝ ይታወቀኛል።

አባቷ ባሻ ውብሸት ይባላሉ። ከልደታ ማርያም ብዙ ሳይርቅ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከዘራና ካፖርት የማይለያቸው የድሮ ሰው ናቸው። ቀበሌው «ጓድ ውብሸት» ሲላቸው ወደ ኋላቸው ዞረው «ማንን ነው የሚጠራው?» እያሉ ያበሽቁት ነበር። አብዮቱ ከወሰደባቸው ነገር ሁሉ የሚቆጫቸው መሬቱም ቤቱም አይደለም። «ለሽማግሌ መነሣት ቀረ!» ነው የሚሉት። ልጅ ሁሉ ካድሬ ሆኖ፣ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ሽማግሌን በአገጩ ሰላም እንደሚል ሲያወሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በሩቁ አሳይታኝ አውቃቸዋለሁ፤ እሳቸው አያውቁኝም።

እንግዲህ ሐምሌ ነው። ዶፍ ያደረበት ጠዋት። አውቶቡሱን ከመነሻው ስለምሳፈር ወንበር አግኝቼ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቶቼም እንደታጠፉ ቁልፍ ብለዋል። በሁለተኛው ፌርማታ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ባሻ ውብሸት። ሰው ግራና ቀኝ እየተሸጋሸገ አሳለፋቸውና መጥተው በትክክል ከእኔ ራስ በላይ ቆሙ።

ጉልበቴን «ተነሥ» ብዬ አዘዝኩት። አልሰማኝም። ከፊቴ ያለውን ወንበር ብረት ልጨብጥ ጣቶቼን ላክሁ፤ እነሱም አልጨብጥ አሉ። ተጨነቅኩ። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ አፉ ይቀድማል።

«ኖር!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፤ እንደተቀመጥኩ።

እናንተዬ፣ ተቀምጦ «ኖር» ማለት እኮ እጅን ኪስ ከትቶ «እንካ» እንደማለት ነው! ባሻ «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ እንዳልተነሣሁ ሲያዩ ቃላቸውን መልሰው ዋጡት። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ።

«በአፉ ተነሣልዎ እኮ!» አለ አንዱ።

«ተው፣ ካድሬ ይሆናል። ጉንጩን አታይም?» አለች ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ይኸውላችሁ፤ በቀበሌ አድሃሪ፣ በአውቶቡስ ካድሬ። ባሻ ጎንበስ ብለው በጸጥታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እናት አባት አለህ?»

«የለኝም አባቴ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ሁለቱም ሞተዋል።

«ያስታውቃል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስኪወርዱ ድረስ ከዘራቸውን ተደግፈው ከራሴ በላይ ቆሙ፤ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ካፖርታቸው ትከሻዬን ይነካኝ ነበር።

ወላጅ ስለሌለኝ ሽማግሌ የላክሁት ጋሽ ሸምሱን ነው፤ ሰንጋ ተራ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ሁለት ሰው ጨምረው ሄዱ። እንደ ደንቡ ከደጅ ቆመው፣ ግቡና ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይፈጸምልን አንቀመጥም» አሉ። ሽማግሌ የመጣበትን እሺ ካላሉት አይቀመጥም፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ባሻ በጨዋ ደንብ አዳመጧቸውና ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቁ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ደመ ግቡ፣ ጤናማ።»

«ጉንጩ ሞላ ያለ?» አሉ ባሻ። «ቡናማ ኮት የሚለብስ?»

«እንዴት አወቁት?»

«አውቶቡስ ላይ በአፉ ተነሥቶልኛል።»

ጋሽ ሸምሱ ተመልሰው ሲነግሩኝ ጥምጣማቸውን አውልቀው ያራግቡ ነበር። «ወላሂ፣ እኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ደግነቱ ሰውየው ጨርሰው አልዘጉትም። ‹ራሱን ይዛችሁት ኑ፤ ዓይኔ እያየ ይነሣልኝና ይቅር እለዋለሁ› ብለዋል። እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሆንስ?»

«አንተ ልጅ፣ ሚስት ነው የምትጠይቀው ወይስ የሐኪም ቀጠሮ?»

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እጄንና እግሬን በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩ። ከዚያ ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ መገጣጠሚያዎቼን ሳለማምድ ቆየሁ። ሐሳቤም ተፍታታና አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ካልተቀመጡ መነሣት የለም! እንደቆምኩ እሄዳለሁ፣ እንደቆምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እንደቆምኩ ሚስት አገኛለሁ። እስከዛሬ በሕይወቴ ካሰብኩት ሁሉ ጥሩው ሐሳብ ይህ ይመስለኛል።

ከባሻ ቤት ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅር አሉኝና ተቀመጡ አሉን። ጋሽ ሸምሱና ሁለቱ ሽማግሌዎች ነገሩ ወደ ደግ እየሄደ መሆኑን ሲያዩ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ።»

«ደህና ነኝ አባቴ።»

«ግዴለም፣ ተቀመጥ።»

«ይቅርብኝ አባቴ።»

ባሻ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ። «አያችሁ ነገር!» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ሙሽራው ጉዳዬ ሳይፈጸም አልቀመጥም አለ! በዚህ ዘመን! ይህን ደንብ የሚያውቅ ልጅ ገና አለ ለካ!»

ጋሽ ሸምሱ በኩራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ባሻ ስለ ድሮ ጨዋነት ማውራት ጀመሩ። የአባታቸውን አነሣሥ፣ የአያታቸውን አቀማመጥ፣ ጌቶች ፊት ውሎ ሙሉ ስለሚቆሙ አሽከሮች አወሩ። መቆምም እኮ ለእኔ የዋዛ አይደለም! ቁርጭምጭሚቴ ይነድዳል፣ ጀርባዬን ላብ ያጠምቀኛል፣ እኔ ግን «አዎን አባቴ፣ እውነት ነው አባቴ» እላለሁ። ሰናይት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ታየኛለች። እሷ ብቻ ናት ለምን እንደቆምኩ የምታውቀው። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ደስታ ምን እንደሆነ ጠይቁኝ፤ ያቺ ደቂቃ ናት።

በመጨረሻ ባሻ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉና፣ «በቃ! ልጄን ሰጥቼሃለሁ። አሁን ጉዳይህ ተፈጽሟል፤ ተቀመጥ!» አሉ።

ምን ልበል? ጉዳዩ ከተፈጸመ በኋላ መቆም ስጦታውን እንደመናቅ ነው። ጋሽ ሸምሱም የኮቴን ጫፍ ይዘው ወደ ታች ጎተቱኝ። የተቀመጥኩበት ሶፋ ከልብሱ በታች ምንም ስፕሪንግ ያልቀረው ነበር፤ ወደ ውስጥ ሰመጥኩ፣ ጉልበቶቼ አገጬ ድረስ መጡ። የሰናይት ፊት ከመጋረጃው ጀርባ ሲጠፋ አየሁ። ጠላ ተቀዳ፣ ለጋሽ ሸምሱ ለስላሳ ተከፈተ፣ ተሳቀ፣ ተጨዋወትን። ነገሩ ሁሉ እንዲያ ሞቅ ብሎ ሳለ በሩ ተንኳኳና የባሻ የነፍስ አባት መስቀላቸውን ይዘው ገቡ።

«ኖር!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ሁሉም ተነሣ። ጋሽ ሸምሱ ተነሡ። ባሻ እንኳ በከዘራቸው ታግዘው ተነሡ። እኔ የሶፋውን እጀታ በክርኔ ተደግፌ ገፋሁ፤ ከፍ አልኩና ተመልሼ ወደቅኩ። እንደገና ገፋሁ። እጄ አዳለጠኝና የጠላውን ብርጭቆ ደፋሁት። ማንም አልሳቀም። ባሻ መጀመሪያ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ከመቋጠሩ ይልቅ መፈታቱ አስፈራኝ። አጠገቤ መጥተው እጄን አንሥተው ገለበጡት፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ሥጋ ደዌ አይደለም» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«አውቃለሁ» አሉ ባሻ። «ያ ቀን አውቶቡስ ላይም ይኸው ነበር?»

«አዎን አባቴ።»

«የሚድን ነው?»

ጣቶቼን ልጨብጣቸው ሞከርኩ፤ አልታጠፍ አሉ። ሰናይት ከጓዳ ወጥታ «አባባ» አለች። በእጃቸው አስቆሟት።

«ልጄ፣ እናቷ አልጋ ላይ የኖረችበትን ዘመን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያኔ የምታገላብጣት ይህች ልጅ ነበረች፤ እኩዮቿ ደጅ ሲጫወቱ እሷ እናቷን ታጥብ ነበር። አሁን ደግሞ ባሏን ታንሣ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ምንኛ በወደድኩ! «ባለጌ ብትሆን ጥሩ ነበር። ባለጌ ይመከራል፣ ይቀጣል፣ ይመለሳል። ለዚህኛው ግን ምንም የለኝ። ይቅር በለኝ፤ የሰጠሁህን ወስጃለሁ።»

እዚህ ላይ የተከፋ ሙሽራ ምን ያደርጋል? ብድግ ብሎ በሩን ገጭ አድርጎ ይወጣል። እኔ ግን ብድግ ማለት አልችልም! የከለከሉኝ ሰው ቤት፣ የከለከሉኝ ሰው ሶፋ ውስጥ ሰምጬ፣ ልውጣ ብል መውጣት አቃተኝ። ቤቱ ሁሉ መውጣቴን ይጠብቃል፣ እኔ ጠላ የፈሰሰበትን ምንጣፍ አያለሁ። በመጨረሻ ባሻ ከዘራቸውን ለቄሱ ሰጡና በአንድ ብብቴ ገቡ፤ በሌላው ሰናይት ገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሥራ ነው፤ ሳታሳምመኝ አነሣችኝ። አባትና ልጅ ግራና ቀኝ ይዘውኝ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄድን። ላየን ሰው የሰርግ አጀብ እንመስል ነበር።

ሰፈሩ ወሬውን በዚያው ሳምንት ሰማ። «ባሻ ልጃቸውን ከለከሉት አሉ» «ለምን?» «በሽተኛ ነው ብለው» «እሱ? ከዚያ ጉንጭ ጋር!» አያችሁ ዕጣዬን! ከሰናይት ሌላ በሽታዬን ያመኑልኝ ባሻ ብቻ ናቸው፤ ሲያምኑኝም ልጃቸውን ከለከሉኝ። ሰናይት አልቅሳ ለምናቸው ነበር፤ እንቢ አሉ። እሷም የአባቷን ቃል አልጣሰችም፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። አልተቀየምኳትም። እሳቸውንም ልቀየም ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከፋሲካ በኋላ ለናዝሬት ሰው ልትዳር ሆነ። ከሥራ የምትለቅበት ቀን ጠዋት እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ፤ በሩ እንደወትሮው ገርበብ ብሎ ስለጠበቀኝ መግባት አላስቸገረኝም። እሷ ሰነዷን አስረክባ ስትመለስ ብቻችንን ነበርን። ነጠላዋን ተከናንባ ከደጃፉ ቆመች። ለባሻ ያልተነሣሁትን፣ ለቄሱ ያልተነሣሁትን፣ ለእሷ ልነሣ ቆረጥኩ። ጠረጴዛውን በሁለት ክንዴ ተጫንኩት። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሁለታችንም ሰማን። ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ በጠዋት።

«ኖር» አልኳት።

«በእግዜር» ልትል ፈለገች፤ አልወጣላትም። «በሞቴ ተቀመጥ» አለችኝ እያለቀሰች። «በሞቴ።»

አልተቀመጥኩም። ትንሽ አየችኝና ወጣች። በሩን፣ ልማድ ሆኖባት፣ ገርበብ አድርጋው ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ ባልደረባዬ እጁን እያፋተገ ገባ። «ይኼ በር ዛሬም ብርድ ያስገባል!» ብሎ በኃይል ዘጋውና ዞሮ አየኝ። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ፤ ጉልበቴ መታጠፍ እንቢ ብሎኛል፣ ልታጠፍ ብዬም አልሞከርኩም።

«ምን ያስቆምሃል? ተቀመጥ እንጂ» አለኝ።

«አልቀመጥም» አልኩት። «ጉዳዬ አልተፈጸመልኝም።»